የወንጭፍ ቀኝ እግር

ሱሪው አንድ ጉልበቱ ላይ ሲቀደድበት፣ ቅዳዱ ለብቻው እንዳይታይ ብሎ ሌላኛውን ጉልበት በገዛ እጁ የሚቀድ ሰው ሲገኝ እኛ አገር የሚባል አንድ አባባል አለ። ገበያ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜማ ግማሽ ጣሪያው የሚያፈስ አዳራሽ «መልኩ አንድ ወጥ ይሁን» ተብሎ ደህናው ቆርቆሮ ሲነቀል ቆሜ ሳይ፣ አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና በረጅሙ ተንፍሰው ያንኑ አባባል አሉ። የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ግን ሁሉም «የአባቶች ነው» ብሎ ይገላገለኛል። በአባቶች ላይ የማይላከክ ነገር የለም።

እኔ የሰማሁትን ልንገራችሁ። የነገረኝ ሰው አያቱ በቦታው ነበሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ አያቱ በቦታው ነበሩ፤ የዚህኛው አያት ከሌሎቹ የሚለዩት ግን ምንም ጀግንነት ሳይሠሩ ቆመው ብቻ ማየታቸው ነው። ስለዚህ አመንኩት።

ነገሩ የሆነው ሰንበሌጥ ሜዳ በሚባል የፈረሰኛ አገር ነው። እዚያ ሰው ሦስት ስም አለው። አንዱን እናቱ ታወጣለታለች፣ አንዱን ቄሱ በክርስትና ይሰጡታል፣ ሦስተኛውን ፈረሱ ይሰጠዋል። ፈረሱ ዳመና ከተባለ ጌታው አባ ዳመና ነው። ሁለቱን ስሞች ለማግኘት መወለድ ይበቃል፤ ለሦስተኛው ግን ፈረስ መግዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰው የሚመካው በሦስተኛው ነበር።

ባላምባራስ እንግዳሸት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይመኩ ነበር። ፈረሳቸው ወንጭፍ ይባላል፤ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው፤ ሲሮጥ ላየው፣ ስሙን የሰጠው ሰው አላጋነነም። እርሳቸውም አባ ወንጭፍ ተባሉ። ከተባሉ ወዲያ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የጠራቸውን ሰው ሁለት ጊዜ ካልተጠሩ አይሰሙትም ነበር።

ባላምባራስ ፈረሳቸውን አይወዱም የሚል ካለ ዋሽቷል። ልጓሙ በብር ፈርጥ የተሠራ ነው። ኮርቻው ላይ የሚደረበው ግላስ ቀይ ከፋይ ነው። ገብሱ ተበጥሮ ይቀርብለታል፣ በዓመት በዓል ውሃው ውስጥ ማር ይበጠበጥለታል። ወንጭፍ ያላገኘው ነገር ቢኖር ዕረፍት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አልጠየቀም።

ፈረሱን የሚጠብቀው ቢምረው የሚባል ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ሰው ነው። ወንጭፍ ውርንጭላ ሳለ እናቱ ሞታበት በቀንድ ወተት እያጠጣ ያሳደገው እሱ ነው። ሚስት ነበረችው፣ ሞተች፤ ልጅ አልነበረውም። ወንጭፍ ነበረው። በስም የባላምባራስ ነው፤ ግን ፈረሱ ስም ስለማያውቅ ጠዋት ጠዋት የሚያንኮራፋው ለቢምረው ነበር።

ሰንበሌጥ ሜዳ ላይ በየዓመቱ የአስተርዮ ማርያም ዕለት የፈረስ ሽቅድምድም አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ፈረስ በታመመ እግሩ ሲጋልቡት ሜዳው መካከል ወድቆ ሞቶ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች አዘኑ። እርግጥ ያዘኑት ትንሽ ዘግይተው ነው፤ መጀመሪያ ማን እንደቀደመ ተከራከሩ፣ ከዚያ ጠላ ጠጡ፣ ከዚያ አዘኑ። አዝነውም ሕግ አወጡ። ከሽቅድምድሙ በፊት እያንዳንዱ ፈረስ ሜዳው ዳር ባለው ሾላ ሥር በሽማግሌዎች ፊት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ይራመዳል። ያነከሰ ፈረስ አይሮጥም። አንገቱ ላይ የሳር ገመድ ይታሰርለታል፤ ጌታው ከኮርቻ ወርዶ፣ ገመዱን ይዞ፣ በሕዝቡ መካከል በእግሩ እየሳበ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

ሕጉ ለፈረሱ ታዝኖ የወጣ ነው፤ መልካም ሕግ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ለፈረሶቹ የነገራቸው የለም። የተነገረው ለባለፈረሶች ነው። ባለፈረሶች ደግሞ የገባቸው «ፈረስህን አታሳምም» የሚለው ሳይሆን «አታስነቃ» የሚለው ነው።

በዓሉ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ባላምባራስ ቤት እንግዶች መጡ። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ «አባ ወንጭፍ፣ እስቲ ስምዎን አሳዩን» አሏቸው። ባላምባራስ ስማቸውን ለማሳየት ሁለት ጊዜ አይለመኑም። ፀሐይ ፈልጦ እንደ ድንጋይ ባደረቀው ዋልካ መሬት ላይ ወንጭፍን አራት ጊዜ አመላለሱት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አምስተኛውን ያመላለሱት ለጭብጨባው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቢምረው ገብቶ እጅ ነሥቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ወንጭፍ አሞታል።»

«ምኑን?»

«የፊት ግራ እግሩን። ጅማቱ አብጧል፤ እጅ ሲነካው ይፋጃል። ያነክሳል።»

«ማን አየ?»

«እኔ አየሁ።»

«ሌላስ?»

«እግዜር።»

«እግዜር አያወራም» አሉ ባላምባራስ፤ ቀለል አላቸው። «አንተም አታውራ።»

ወጌሻ ተጠራ። አያ ቻላቸው የሚባል፣ የሰውም የከብትም ስብራት የሚያሽ፣ ከሁለቱ ከብቱን የሚመርጥ ሽማግሌ ነው፤ ከብት ምክር አይሰጠውማ። እግሩን ዳበሰና ቀና አለ።

«ጠዋት ማታ ወንዝ ውስጥ ይቁም። ከወንዝ ሲወጣ ጭቃ ይለጠፍበት። አርባ ቀን ኮርቻ እንዳይነካው።»

«አርባ ቀን!» አሉ ባላምባራስ። «ሽቅድምድሙ እኮ ስምንት ቀን ነው የቀረው።»

«እኔ የነገርኩዎት የእግሩን ነው፤ የሽቅድምድሙን አላውቅም። አራስ እንኳ አርባ ቀን ትተኛለች፣ ባላምባራስ።»

«ፈረሴ ወልዷል እንዴ?»

«ቢወልድ ይሻለው ነበር፤ ይተውት ነበር» አለ ወጌሻው ዕቃውን እየሰበሰበ። «ጅማት እንደ ክር ነው። ሲሳሳ ካረፈ ይጠናል። ከተበጠሰ ግን ቋጠሮ አይይዝም።»

እንግዲህ ባላምባራስ ቤታቸው መቅረት ይችሉ ነበር። ወንጭፍ ወንዝ ውስጥ ቆሞ፣ እርሳቸው ጠላ ይዘው ዳር ተቀምጠው በዓሉ ባለፈ። ግን ገና ሰሞን ለግራዝማች ጫንያለው፣ ለአባ ዳመና ማለት ነው፣ ሰው በተሰበሰበበት «የዘንድሮውን አቧራ ከኋላዬ ሆነው ይቅሙታል» ብለዋቸው ነበር። አሁን መቅረት አቧራውን ራስ መቃም ነው። ሄዶ በሾላው ሥር ማንከስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ሰዉ «ፈረሱ አነከሰ» አይልም፤ «አባ ወንጭፍ አነከሱ» ነው የሚለው። ይህን ሲያስቡት ገና ከአሁኑ ሰው ሁሉ እግራቸውን የሚያይ መሰላቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ሳይቀር ወታደር ይመስል እግራቸውን እያቀኑ መራመድ ጀመሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ሁለት ቀን ታዝበው በሦስተኛው አልቻሉም።

«ምነው፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚረግጡት?»

«ደህና ነኝ። እንዲያውም በጣም ደህና ነኝ።»

«ያነከሰው ፈረሱ አይደለም እንዴ?»

«አንቺ ሴት፣ ስሜ እኮ ነው የሚያነክሰው!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቂት አሰቡበት። «ስም ስንት እግር አለው?» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ባላምባራስ ድንክ አልጋቸውን በረንዳ ላይ አስወጥተው፣ ቢምረው ወንጭፍን ከወንዝ ሲመልሰው ተመለከቱ። ፈረሱ ቀኙን ሲረግጥ አንገቱ ዝቅ ይላል፤ ግራውን ሲረግጥ ቀና ይላል። ዝቅ፣ ቀና፣ ዝቅ፣ ቀና። ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ፊታቸው በራ። ሰው ከመጥፎ ሐሳብ ጋር ሲገናኝ ፊቱ እንዲህ ይበራል፤ ከደህና ሐሳብ ጋር ሲገናኝ ግን ጭንቅላቱን ያካል።

«ቢምረው፣ ግራው አሁንም ያመዋል?»

«ያመዋል ጌታዬ። ግን እብጠቱ ቀነስ ብሏል። ካረፈ ይድናል።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ደህና ነው፤ ተመስገን።»

«እሱ ነዋ ችግሩ!»

ቢምረው የሰማውን መልሶ ለመስማት ጆሮውን አዘነበለ።

«ደህና መሆኑ ነው ችግሩ» አሉ ባላምባራስ፤ ከአልጋቸው ተነሡ። «አስበው እስቲ። ግራው ቀስ ሲል ቀኙ ይቸኩላል፤ ያን ጊዜ ግራው ይታወቃል። ቀኙ ባይኖር ግራውን ማን ያሳጣው ነበር? አንካሳ ማለት ሁለት እግሩ የተጣላበት ማለት ነው። ሽማግሌ ሆነን እናስታርቃቸው።»

«ጌታዬ፣ ዕርቅ እኮ የበደለው ሲክስ ነው። ቀኙ ምን በደለ?»

«ይኸው ወንድሙን አሳጣ።»

ከዚያ ከወንዙ ዳር የባቄላ ፍሬ የምታህል ድቡልቡል ጠጠር መርጠው አመጡ። ሰው ለሚስቱ ጌጥ ሲገዛ እንዲህ አይመርጥም፤ ሦስቱን ጥለው ነው አራተኛዋን የያዙት። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ቀኝ ኮቴው ውስጥ፣ ከለስላሳው ሥጋ አጠገብ ባለው ስንጥቅ ትገባለች፤ በሰም ትደፈናለች፤ ሰሙ ላይ ጭቃ ይቀባል። ፈረሱ ሲረግጥ ቀኙም ያመዋል፤ ስለዚህ አንገቱ ዝቅ የሚልለትም ቀና የሚልበትም እግር አይኖርም። ሁለቱ ይስማማሉ።

«እንካ» አሉት ለቢምረው።

ቢምረው እጁን ከጋቢው አላወጣም። «እኔ ወተት አጉርሼ ነው ያሳደግሁት። ጠጠር አላጎርሰውም።»

«ያ እጅ የኔን እንጀራ ነው የሚያነሣው!»

«የርስዎን እንጀራ ያነሣል። ይቺን ግን አያነሣም ጌታዬ። ቢፈልጉ ያሰናብቱኝ።»

ባላምባራስ ሊያሰናብቱት አሰቡ፤ ግን ወንጭፍ ከእሱ በቀር ሌላ ሰው ሲይዘው እንደሚናከስ ትዝ አላቸው። ስለዚህ ይቅርታ አደረጉለት።

የበዓሉ ዕለት ፀሐይ እንደወጣች ወይዘሮ ደብሪቱ ከቤት ብቅ ሲሉ፣ ባላቸው ካባቸውን ደርበው በሁለት ጉልበታቸው ከፈረሱ ፊት ተንበርክከዋል፤ ኮቴው ጭናቸው ላይ ነው። ቢምረው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ልጓሙን ይዟል።

«እሰይ፣ መስገድ ጀመሩ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ቤተ ክርስቲያን ጉልበቴን ያሉት ለካ ታቦቱ አራት እግር ስለሌለው ነው።»

«አንቺ ሂጂ ግቢ!»

ገቡ። ወንጭፍ ቀኝ እግሩ መሬት ሲነካ አንድ ጊዜ ደንገጥ ብሎ አነሣው። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። ወደ ቢምረው ዞረ። ቢምረው አጥሩን ማየቱን ቀጠለ።

በሾላው ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የሦስቱ የበላይ አያ ሽባባው ናቸው፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ስመ ጥር ፈረሰኛ የነበሩ፣ አሁን ዐይናቸው ደከም ያለ፣ መድከሙን ግን ዐይናቸው እንጂ እርሳቸው ያላመኑ ሰው። ፈረሶቹ አንድ በአንድ ተራመዱ። አንዱ በኋላ እግሩ አነከሰና የሳር ገመድ ታሰረለት፤ ጌታው እየሳበ ሲሄድ ሕዝቡ አፏጨበት። ባላምባራስ ከሁሉ በላይ አፏጩ።

ከዚያ ወንጭፍ ገባ። ሁለቱም እግሮቹ ሲያሙት መሬቱን የሚረግጠው የጋለ ምጣድ ላይ እንደ ቆመ ሁሉ ነው፤ አጭር አጭር፣ ጥንቅቅ ያለ፣ እኩል እርምጃ። አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው።

«ወይ ግርማ!» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እንደ ሙሽራ እኮ ነው የሚራመደው!» አለ ሁለተኛው።

«ጨዋ ፈረስ መሬት አይደበድብም» አሉ አያ ሽባባው፤ እንዳዩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ የአሳዳጊው ነው።»

አሳዳጊው ይህን ሲሰማ ልጓሙን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። በሰንበሌጥ ሜዳ ደንብ ጌታው ባለበት ፈረስ ጠባቂ አይናገርም። ቢምረው ግን ተናገረ።

«ጌቶቼ፣ እግሩን አንሥታችሁ እዩት።»

ባላምባራስ ፊታቸው ልክ እንደ ግላሱ ከፋይ ሆነ።

«ምን አልክ?» አሉ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አያ ሽባባው! ይህ ፈረስ ማነው? ስሜ አይደለም? ስሜን በአደባባይ እግሩን አንሥቶ ማየት የኔን እግር አንሥቶ ማየት አይደለም? ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሱሪዬን ሰብስቡና እዩኝ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክርክሩ ትክክል ነው። ሰውና ፈረስ በአንድ ስም በሚጠሩበት አገር የፈረስን ኮቴ ገልብጦ ማየት ነውር ነው። ፈረሱን አለማየት ነውር መሆኑን የሚናገር ደንብ ግን አልነበረም።

«ሕጉ ይራመድ ይላል፤ ተራመደ» አሉ አያ ሽባባው። «ሕጉ ያነከሰ አይሩጥ ይላል፤ አላነከሰም። አንተ ሰውዬ፣ በጌታህ አትግባ። ፈረሱ ያልፋል።»

ቢምረው ልጓሙን ለባላምባራስ አቀበለ። ሁለተኛ አልተናገረም።

ሽቅድምድሙ ከሾላው ተነሥቶ፣ ወንዙ ዳር ያለችውን ግራር ዞሮ፣ ወደ ሾላው መመለስ ነው። ዐሥራ አንድ ፈረስ ተሰለፈ። ነጋሪቱ ሲመታ ወንጭፍ እንደ ስሙ ተወነጨፈ። ፈረስ ሞኝ ነው፤ ሌላ ፈረስ ሲሮጥ ካየ ሕመሙን ይረሳል። ሰውም ይረሳል፤ ሰው ግን የሚረሳው የሌላውን ሕመም ነው። እስከ ግራሯ ድረስ ወንጭፍ ከፊት ነበር። ባላምባራስ ወደ ኋላ ዞረው «አባ ዳመና! አቧራው ጣመ ወይ?» ብለው ሲጮሁ ተሰምተዋል።

ግራሯ ጋ መታጠፍ መጣ። መታጠፍ ማለት ለፈረስ መላ ክብደቱን አንድ እግር ላይ መጣል ነው። ወንጭፍ ግራውን ለማዳን ቀኙ ላይ ሊደገፍ ሞከረ። ቀኙ ውስጥ ጠጠሯ አለች። ወደ ግራው ተመለሰ። ከዚያ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ጅራፍ ሲጮህ ሰማሁ አለ። ያን ዕለት ግን ጅራፍ የያዘ ሰው አልነበረም።

ወንጭፍ በደረቱ ወደቀ። ባላምባራስ በአንገቱ ላይ ተፈናጥረው የሣር ክምር ላይ አረፉ። አንድም ቦታቸው አልተጫረም። ግራዝማች ጫንያለው ቀድመው ሾላው ሥር ደረሱ፤ ግን ሰዉ ሁሉ ወደ ግራሯ እየሮጠ ስለነበር ያየላቸው የለም። ይህን እስኪሞቱ ድረስ ያነሡት ነበር ይባላል።

ቀድሞ ግራሯ ጋ የደረሰው ቢምረው ነው፤ በሃምሳ ዓመቱ ማን እንዲህ ያስሮጠዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ፈረሱ ሊነሣ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል። ቢምረው አንገቱን አቅፎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሲያወራው ተኛለት። አያ ሽባባውና ሽማግሌዎቹ በሰው ትከሻ እየተደገፉ ደረሱ። ባላምባራስም ካባቸውን አራግፈው መጡ፤ ተከሳሽ ከመሆን ከሳሽ መሆን እንደሚሻል የሚያውቁ ሰው ናቸውና ገና ከሩቅ ጀመሩ።

«በሕግ አምላክ! ይህን ሰው እከሳለሁ! ፈረሴን በቸልታ አስሰበረብኝ! ጠባቂው እሱ ነው!»

ቢምረው ቀና ብሎ አላያቸውም። ከጎኑ ቢላዋውን መዘዘ። ሰዉ ደነገጠ፤ እሱ ግን የወንጭፍን ቀኝ እግር ወደ ጭኑ ሳበ።

«አንተ፣ የተበጠሰው እኮ ግራው ነው» አሉት አያ ሽባባው። «ቀኙን ምን ታደርገዋለህ?»

ቢምረው ጭቃውን ፋቀ፤ ሰሙን በቢላዋው ጫፍ ነቀለ። ጠጠሯ ከነደሟ መዳፉ ላይ ወደቀች። እጁን ዘረጋና ለሽማግሌዎቹ አሳየ። አያ ሽባባው ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ተመለከቷት፤ ይቺን ለማየት ዐይናቸው አልደከመም።

«ጠጠር ናት» አሉ ባላምባራስ ቀድመው። «ሜዳው ጠጠር አለው። ሜዳውን ማስጠረግ የማን ሥራ ነበር? የሽማግሌዎች!»

«ሰሙስ?» አሉ አያ ሽባባው።

«ምን ሰም?»

«ይህ ሰም።»

«ሰም… ሰም እንግዲህ ከየትም ይመጣል።»

«ሜዳው ላይ ንብ ሰፍሯል እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ማንጠግቦሽ የምትባል፣ ለበዓሉ ጠላ ይዛ የመጣች ሴት እንስራዋን እንዳዘለች ነበር። «አይ፣ ጠጠሯ ብርድ እንዳይመታት ለብሳ ገብታ ነው!» አለች። ሰዉ ሳቀ። ባላምባራስ እንኳ የሚረዳቸው መስሏቸው ትንሽ ሳቁ።

ቢምረው አልሳቀም። «ጌቶቼ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰዉ ለመስማት ጠጋ አለ። «ጥፋቱ የኔም ነው። አንድ ጊዜ ተናገርኩ፤ ዝም በል ስትሉኝ ዝም አልኩ። ፈረሱ ጠዋት ዞሮ አይቶኛል። እኔ አጥር አየሁ።»

አያ ሽባባው ከዚያ በፊት በሕዝብ ፊት ተሳስቻለሁ ብለው አያውቁም ነበር፤ ሲሉትም ለአፋቸው እንግዳ እንደሆነ ያስታውቃል። «አንተስ አንድ ጊዜ ተናገርክ» አሉ። «እኛ ነን እንደ ሙሽራ ተራመደ ብለን እልል ያልነው። እግሩን እንይ አላልንም፤ ነውር ነው ተባልን።» ከዚያ ወደ ባላምባራስ ዞሩ። «ባላምባራስ፣ ጠዋት ምን ነበር ያሉን? የፈረሱ እግር የኔ እግር ነው አላሉም?»

«ብያለሁ» አሉ ባላምባራስ፤ ወዴት እንደሚሄድ ገና አልገባቸውም።

«ፈረሱና እኔ አንድ ስም ነን ብለዋል?»

«በሚገባ!»

«መልካም። ሕጉ ያነከሰ ፈረስ የሳር ገመድ ታስሮለት በእግሩ ወደ ቤቱ ይሂድ ይላል። ይኸኛው አይችልም። እንግዲህ ከሁለታችሁ መራመድ የሚችለው ይሂድ። ገመዱን አምጡ።»

ባላምባራስ ተከራከሩ፣ ይግባኝ አሉ፣ ማዕረጋቸውን ቆጠሩ። ግን በዚያው ክርክር ራሳቸው ጠዋት ረትተውበታል፤ በገዛ ክርክሩ የተያዘ ሰው ደግሞ ማምለጫ የለውም። ፈረሱንስ ምን ያደርጉታል ሲባሉ «ከእንግዲህ ምን ይሆነኛል!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ቃል አጥብቀው ያዙና ፈረሱን ለቢምረው ሰጡት።

ወንጭፍ አልሞተም። ወጌሻው እንዳለው ጅማቱ ቋጠሮ አልያዘም፤ ሁለተኛ ኮርቻ አልተጫነበትም። ቢምረው ግራሯ ሥር ዳስ ጥሎ አርባ ቀን ሙሉ ከፈረሱ ጋር አደረ፤ ያች አርባ ቀን በመጨረሻ ተገኘች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወንጭፍ ብዙ ዓመት በሦስት እግሩ እያነከሰ ሣሩን ጋጠ። ባላምባራስ ሌላ ፈረስ ገዙ፤ ጥሩ ስምም አወጡለት። ሰዉ ግን አባ ጠጠር ማለቱን አልተወም።

ያን ዕለት ግን ገና የሳር ገመድ አንገታቸው ላይ ነው። ካባ ደርበው፣ ገመዱ ከካባው በላይ ተንዠርግጎ፣ ሁለቱን ጤነኛ እግሮቻቸውን እያፈራረቁ በሰዉ መካከል ይሄዳሉ። ከፊት ለፊታቸው ቅዳሴው ረዝሞባቸው የዘገዩ መምሬ ዘለቀ በበቅሎ መጡ፤ ሽቅድምድሙን ለመባረክ። ባላምባራስን ከነገመዳቸው ሲያዩ በቅሎዋን ገትተው አማተቡ፤ ዞረውም ካለፉ በኋላ ተመለከቷቸው። ከዚያ ወደ ግራሯ ደርሰው፣ አንድ ሰው የወደቀ ፈረስ አንገት አቅፎ ተቀምጦ አዩ።

«አያ ሽባባው፣ ምን ጉድ ነው?» አሉ። «ያ የሳር ገመድ ያጠለቀው ሰው ምን አድርጎ ነው?»

አያ ሽባባው ከመጀመሪያው ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ወጌሻው፣ ስለ ሾላው፣ ስለ ራሳቸውም። ነገሩ ረዘመባቸው። ጠጠሯን ከመዳፋቸው አንሥተው በቅሎ ላይ ላሉት ቄስ አቀበሉና አሉ፦

«ባንካሳው አፍሮ፣ ደህናውን ጠጠር አጎረሰ።»